በቁሟ የተለቀሰላት

በኛ አገር ሞት በስሙ አይጠራም። ሰው ሩቅ አገር ሲሞትበት፣ ዘመድ በማለዳ ይመጣና «ትንሽ አሞታል፣ ና እንሂድ» ይለዋል። ልቡ እንዳይሰነጠቅ ነው። መንገድ መንገዱን እየለመደው እንዲሄድ ነው። ባሌ አድማሴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አንበሳሜ ገበያ በሄደበት ሲወድቅ እኔንም እንዲሁ ነበር ያሉኝ። «ራሱን አሞታል» ብለው፣ በቅዱስ ሚካኤል ምለው፣ በበቅሎ አስቀምጠው ወሰዱኝ። እኔም ሞኟ፣ ለበሽተኛ ይሆናል ብዬ ማር በቅል ይዤ ሄድሁ። ስደርስ ጉድጓዱ ተቆፍሮ ነበር። ማሩን ማን እንደበላው እስከ ዛሬ አላውቅም።

ስለዚህ አማን ያን ዕለት ማለዳ ብስክሌቱን ይዞ ደጄ ሲቆም፣ አፉን ሳይከፍት ነው ያወቅሁት።

ዘመኑ ሃምሳ ሁለት ነው፤ ወሩ ጥቅምት፣ ጽጌን የምንጾምበት፤ ቀኑም ዓርብ። አማን የወረታ ሰው ነው፣ እስላም። መርፌውን፣ ክሩን፣ መስተዋቱን፣ ስኳሩን ብስክሌት ላይ ጭኖ ገበያ ለገበያ የሚዞር። ብስክሌቷም ዕቃውም የአጎቱ የመሐመድሰዒድ ነበሩ። ያኔ በፎገራ ሜዳ ሌላ ብስክሌት እኔ አላየሁም። በቅሎ ኮቴ አላት፤ መኪና ሲያጓራ ከጉማራ ወንዝ ማዶ ይሰማል። እሷ ግን ድምፅ የላትም። ሽው ብላ መጥታ ከጀርባችሁ ቆማ ትገኛለች። «በቅሎ ገብስ ትጠይቃለች፤ ይች ነፋስ ብቻ ነው የምትበላ» እያለ ገበያተኛውን ያስቅ ነበር አማን። ያን ዕለት ግን አልሳቀም።

«እንዴት አደሩ እሜቴ ይርገዱ» አለና ወረደ። ቆቡን አወለቀ። ላቡ በጆሮ ግንዱ ይወርዳል።

«እግዜር ይመስገን። ምን አመጣህ በዚህ ማለዳ?»

«ማናዬ አሟታል። ምጥ ይዟት ልጁ እምቢ አለ። እናቷን ይዘህልን ና ብለውኝ ነው።»

ማናዬ አንዲት ሴት ልጄ ናት። ሐሙሲት ነው የዳርኋት፣ ለአያ አያልነህ ልጅ ለያየህ። የበኩር ልጅ በእናት ቤት ነው የሚወለድ፤ ክረምቱ ሳይበረታ ላመጣት አስቤ ነበር። ጉማራ ቀደመኝ። ሞልቶ ሜዳውንም መንገዱንም አንድ ባሕር አደረገው። ውሃው ሲጎድል ደግሞ «ከብዳለች፣ በቅሎ ላይ አትቀመጥም» አሉ። እዚያው ቀረች።

ጎረቤቴ ደብረወርቅ እሳት ልትጫር መጥታ ነበር፤ ለአማን ውሃ በቅል አቀረበችለት።

«አልጠጣም» አለ። «ጊዜ የለም። እንሂድ ብቻ።»

መርዶ ነጋሪ በሐዘንተኛ ቤት እህል ውሃ አይቀምስም። ደብሬ ቅሉን እንደያዘች አየችኝ። እኔም አየኋት። ቅሉ ከእጇ ወደቀ።

ከዚያ በኋላ የኔ ድምፅ የትኛው እንደነበር፣ የሷ የትኛው እንደነበር አልለይም። ጎረቤቱ ከየበሩ ወጣ። የመንደራችን የቁሐር ሴት ደረቷን እየመታች መጣች። ነጠላዬን ገፈው ጥለቱን ወደ አንገቴ አዘቀዘቁና የሐዘን አለባበስ አለበሱኝ። አማን መሀል ላይ ቆሞ እጁን ያወናጭፋል።

«ኧረ ምን ሆናችኋል? አልሞተችም እኮ!»

«እሱማ። አልሞተችም» አሉት የነፍስ አባቴ አባ ደረሰ፣ ትከሻውን በቀስታ እየዳበሱ። «ደግ አደረግህ ልጄ። በርታ።»

«አባ፣ ወላሂ በሕይወት ናት! ጎንደር ሐኪም ቤት የሚያደርሳት መኪና ሐሙሲት ቆሟል። አያ አያልነህ ያለ እናቷ ቃል ከደጄ አትወጣም ብለው ነው። ሹፌሩ ደግሞ ከቀትር በላይ አልጠብቅም ብሏል።»

«መኪናም ጨመረበት» አለ አንዱ ሽማግሌ ከኋላ። «ጎበዝ ነጋሪ ነው። የአድማሴ ጊዜ እንኳ እንዲህ አላማረም ነበር።»

አማን በአላህ ማለ፤ በእናቱ ማለ፤ በገዛ ዐይኑ ማለ። በማለ ቁጥር እኔ ልጄን አንድ ክንድ ወደ ታች እቀብራታለሁ። መርዶ ነጋሪም ይምላል። ለደግ ነውና እግዜር አይቆጥርበትም ይባላል።

አያ አያልነህ «ያለ እናቷ ቃል» ማለታቸው እውነት መሆኑን ግን ልቤ ያውቅ ነበር። ማናዬን ስንድር አድማሴ አማቾቹን መጽሐፍ አስመትቶ፣ ዋስ አስጠርቶ፣ «ቢያማት፣ ቢደላት፣ ያለ እኛ ቃል ከቀዬአችሁ አታወጧትም» አሰኝቷቸዋል። ሩቅ አገር ወስደው እንዳይጥሉብን ፈርቶ ነበር። እሱ ሲሞት ቃሉ በኔ ላይ ቀረ። ይህን አሰብሁና ደግሞ መልሼ፣ «አማን ይህን ከየት ሰማ? ነግረው ልከውት ይሆናል፤ እንዳምን ብለው ይሆናል» አልሁ። ሐዘን ብልጥ ነው፤ ሁሉን ለራሱ ይጎትታል።

ሐዘንተኛ ብቻዋን አትሄድም። ራሷን ገደል ትጥላለች ተብሎ ይፈራል። ስለዚህ ሰዉ እስኪሰበሰብ ያዙኝ። ታላቁ ልጄ አንለይ ከብት ይዞ ወደ ሐይቁ ወርዷል፣ እሱ ይምጣ ተባለ። ከላይ መንደር ያሉት ይምጡ ተባለ። ፀሐይ ወጣች፤ ከፍ አለች። አማን ብስክሌቱን ተደግፎ ፀሐይዋን ያያል፣ እኔን ያያል። ኋላ መጥቶ ከፊቴ ተንበረከከ።

«እሜቴ፣ እሺ» አለኝ ዝቅ ብሎ። «ሞታለች እንበል። ሬሳ እንደሆነ ዛሬውኑ ነው የሚቀበር። ከነዚህ ጋር በእግር ከሄዱ ይመሻል። አፈር ሳይለብስ ፊቷን ማየት አይፈልጉም?»

ተነሣሁ። እንግዲህ ከአፉ ወጣ፤ እሱም አመነ፤ ብዬ ተነሣሁ።

«ወዴት? ኧረ ያዟት!» አለች ደብሬ።

«ልቀቁኝ! ባሌን አላየሁትም፣ ልጄን አያታለሁ!»

ከብስክሌቱ ኋላ ባለችው የዕቃ መጫኛ ላይ፣ ስኳሩን ወደ ጎን አርጎ አስቀመጠኝ። እግሬ የት እንደሚገባ አላውቅም።

«ምን ልያዝ?»

«ቀበቶዬን።»

«ምን ጉድ ነው፣ የእስላም ቀበቶ ይዛ!» አለች አንዲት አሮጊት።

«እርስዎ ይምጡና በማተብዎ ይያዙኝ እንግዲህ» አለ አማን፤ ረገጠው፤ ሄድን። ከኋላችን አንለይ መጣ መሰለኝ፣ «እናንተ ቅደሙ፣ እኛ በእግር እንከተላለን» የሚል ሰማሁ። ለቅሶው እየራቀ፣ እየቀጠነ ሄዶ ጠፋ።

ከዚያ ወዲያ ዝምታ ነው።

ጣሊያን የሠራው መንገድ ከሜዳው ከፍ ብሎ ይሄዳል። በግራ በቀኝ ኑጉ አብቦ ዐይን እስኪያጥበረብር ቢጫ ነው። ውሃው ገና ያልሸሸበት ቦታ ሰማዩን ይዞ ተኝቷል፤ ሽመላው በአንድ እግሩ ቆሟል፤ ከብቶቹ እስከ ሆዳቸው ለምለሙ ውስጥ ናቸው። የጠጠሩ ድምፅ ብቻ ከስራችን ቅርር ይላል። ዕድሜዬን ሙሉ የኖርሁበት ሜዳ ነው፤ እንዲህ ሆኖ ግን አይቼው አላውቅም፤ እኔ ተቀምጬ እሱ በጎኔ ሲያልፍ። ይህን ያህል አምሮ ሳየው ተናደድሁ። «ልጄ ሞታ አንተ ታብባለህ?» አልሁት ኑጉን።

አልፎ ሂያጁ ነጠላዬን ያያል። ከአህያው የሚወርድ አለ፤ ቆሞ ራሱን ዝቅ የሚያደርግ አለ። «እግዜር ያጽናሽ እናቴ» ይላሉ። ማንም «ምን ሆነሽ ነው?» አላለኝም። አማንም ዝም ብሎ ይረግጣል። ቢናገር አላምነውም፤ ዝም ሲል ደግሞ ዝምታው ራሱ መርዶ ሆነብኝ።

«የት ሊቀብሯት ነው?» አልሁት።

ይበልጥ ጎንበስ ብሎ ረገጠ።

«ልጁስ? በሆዷ እንዳለ ነው?»

«እሜቴ፣ በአላህ ይዤዎታለሁ፣ ትንፋሼን አይጨርሱብኝ።»

ቅዱስ ሚካኤልን ለመንሁት። ነፍሷን ከደጋጎቹ ጋር እንዲያኖርልኝ ነው የለመንሁት። በሕይወት እንዲያቆይልኝ አልለመንሁትም። የሞተ ሰው ይኑር ተብሎ አይለመንም ብዬ ነው።

የጉማራን ድልድይ ተሻግረን ጥቂት እንደሄድን ከስራችን ፉጨት የመሰለ ነገር ወጣ። ብስክሌቷ ተንገዳገደች። አማን ወርዶ የኋላ ጎማዋን ነካ፤ የግራር እሾህ ነው።

«የበላችውን ተፋችው» አለ። የለመደው ቀልዱ ነው፤ ፊቱ ግን አመድ ነበር። ወደ ፀሐይ ቀና አለ። ከዚያ የስኳሩን ከረጢት ፈታና ወደ ቦይ ወረወረው። የመስተዋቱን ሳጥን ወረወረው፤ መስተዋቱ ሲሰበር ሰማሁ። ክሩን፣ ሻማውን፣ ሁሉን። ውሃው ውስጥ ስኳሩ ነጭ ሆኖ ሲቀልጥ አያለሁ።

«ይቀመጡ!»

«ጎማው እኮ የለም።»

«በብረቱ እንሄዳለን። ይቀመጡ!»

ረገጠ። አሁን ድምፅ አወጣች፤ ብረቱ ጠጠሩን እየፈጨ ያንገጫግጫል፤ አጥንቴ ይንኳኳል። አማን ቆሞ ነው የሚረግጥ፤ እንደ ታረደ በሬ ያቃስታል።

«አማን።»

«አቤት።»

«ስኳሩ የአጎትህ ነው።»

«ነው።»

«ጎማውም።»

«ነው እሜቴ! ዝም ብለው ይያዙ!»

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ለሬሳ ማን ስኳሩን ይጥላል? ለሬሳ ማን የሰው ጎማ ይፈጫል? ሬሳ የትም አይሄድም፤ ይጠብቃል። እንዲህ የሚሮጠው ለሚያመልጥ ነገር ነው።

ልጄ በሕይወት አለች።

ደስ ያለኝ እንዳይመስላችሁ። እስከዚያ ድረስ ክፉው ሁሉ አልቆልኝ ነበር። አሁን ገና ሊመጣ ነው። ፀሐይዋ አናቴ ላይ ናት። ጠዋቱን ሁሉ ደጄ ላይ በለቅሶ አሳለፍነው፤ ያ ሁሉ ጊዜ የሷ ነበር።

«ፍጠን!» አልሁት። «አንተ ሰው፣ ፍጠን!» ጀርባውን በጡጫ መታሁት።

«እስካሁን ሽርሽር መስሎዎት ኖሯል?» አለ እያለከለከ። ግን በመሀሉ ዘወር ብሎ አየኝ። «አመኑኝ?»

«አመንሁህ። እርገጥ።»

ሐሙሲት ስንገባ የጭነት መኪናው አለ። ሞተሩ ተነሥቷል፤ ሹፌሩ ጡሩንባውን እየነፋ ነው። ያየህ ከመኪናው ፊት መንገዱ ላይ ተጋድሞ፣ «ብትሄድ በላዬ ሂድ» ይለዋል። አያ አያልነህ ደጃፋቸው ላይ ዱላቸውን ይዘው ቆመዋል። ከፊታቸው ብስክሌቷ ስትወድቅ እኔም አብሬ ወደቅሁ።

«አያ አያልነህ፣ አውጧት!»

«ቃልዎን በሰው ፊት ይስጡ» አሉኝ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ መጽሐፍ መትተው ነው።

«ቃሌን ሰጠሁ! መንገድ ላይ ብትሞት ደሟ በእናንተ ላይ የለም። የአድማሴንም ቃል እኔ ፈትቻለሁ። አሁን አንሷት!»

ገባሁ። ልጄ ደጋፊ ሴቶች መሀል ወለሉ ላይ ናት። ፊቷ የሷ አይመስልም፤ ከንፈሯ እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጥቋል። ዐይኗን ከፈተች። ረጅም ጊዜ አየችኝ፣ ፊቴን ሳይሆን አንገቴን፣ ነጠላዬን።

«እምዬ» አለች። «ለምን አዘቀዘቅሽ? እኔ ሞቻለሁ እንዴ?»

«ነፋስ ነው ልጄ። የብስክሌት ነፋስ ገለበጠብኝ።»

በቃሬዛ አወጣናትና መኪናው በጫናቸው የኑግ ጆንያዎች ላይ አስተኛናት። ያየህ በእግሯ፣ እኔ በራስጌዋ። አማንም ያችን የተጎዳች ብስክሌቱን ይዞ አብሮን ወጣ፣ በመንገዳችን ወረታ ይወርድ ዘንድ። መኪናው ሲነሣ አቧራው ተነሣ፤ ፀሐይዋም ታቃጥላለች። ነጠላዬን አውልቄ ከራሷ እስከ እግሯ አለበስኋት፤ እኔ ራሴን ገልጬ ቀረሁ። እጇን ከነጠላው ስር ያዝሁ። መኪናው በነጠረ ቁጥር ታጠብቀዋለች፤ ቆይቶ ግን እያላላች መጣች። «ማናዬ» እላለሁ፤ «እ» ትላለች። ኋላ «እ» ማለቱንም ተወችው።

ጉማራ ድልድይ ላይ መኪናው ቆመ።

ቀና ብዬ ባይ ድልድዩ በሰው ተሞልቷል። ቁሐር ሁሉ። ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ ወንዱ ዱላውን አንግቶ፣ ሴቱ ደረቱን እየመታ፣ ወደ ሐሙሲት ለቅሶ እየሄዱ ነው። ደብረወርቅ ከፊት ሆና ሙሾ ታወርዳለች፦

«ማናዬ ማናዬ የቁሐር አበባ፣
ኑጉ ሳይታጨድ ወይ አፈር ልትገባ።»

ሹፌሩ ጡሩንባ አልነፋም። ለቀብር ይቆማል። ቆቡን አውልቆ ጭኑ ላይ አደረገ። እነሱም እኔን አዩኝ፤ ራሴ የተገለጠ፣ ጸጉሬ የተበተነ፣ ከፊቴ ከራስ እስከ እግር በነጠላ የተሸፈነ ነገር ያለ። ከዚያ የወጣውን ጩኸት ልነግራችሁ አልችልም። መኪናውን እንደ ንብ ከበቡት።

«አለች! በሕይወት አለች! መንገድ ልቀቁ!» አልሁ።

«ወይኔ እናቷ፣ አበደች» አሉ። «አለች ትላለች።»

«ሬሳውን አውርዱ! የቁሐር ሚካኤል አፈር ነው የሚገባት!»

አማን ከጆንያው ላይ ቆመ። «ሰዎች! ሐኪም ቤት ነው የምትሄድ!»

«መርዶውን ያመጣው ይኸው!» አለ አንዱ። «አሁንም አልሞተችም ሊል ነው።»

«እኔ አሟታል ነው ያልኩ! አሟታል ብቻ!»

«እሱማ ብለሃል» አሉት፣ በርኅራኄ።

በአባ ደረሰ መስቀል ማልሁ። አባ ራሳቸው ዕንባቸው እየወረደ ፍትሐት ጀመሩ። እኔ ስጮኽ እነሱ ይጮኻሉ፤ እውነት መናገሪያ ድምፅ አጣሁ። ማንኛውም ያልሁት ነገር ሐዘንተኛ የምትለው ነው። አንለይ ጎማውን ረግጦ ወጣ፤ ልጄ ነው፣ እህቱን ሊያወርድ። ልከለክለው ይዤ ጎተትሁት፤ ሁለት ሰው ይዞ አስለቀቀኝ። አንለይ እጁን ከነጠላው ስር ሰደደ፣ በብብቷ ሊያነሣት።

ከዚያ እባብ እንደ ነደፈው ሰው ወደ ኋላ ተወረወረ። ያየህ ባይዘው ከድልድዩ በታች ነበር።

«ያዘችኝ!» አለ። «በስላሴ! እጄን ያዘችኝ!»

ነጠላው ከፊቷ ወረደ። ምጡ ያን ጊዜ መጣባት። ከዚያ የደከመ ገላ ያን ድምፅ ከየት እንዳወጣው እመቤቴ ማርያም ታውቃለች፤ ጮኸች። አንድ ጊዜ፣ ረጅም። የቁሐር ሰው በሙሉ ጸጥ አለ። ከድልድዩ ስር ውሃው ሲሄድ ተሰማ።

ደብሬ አፏን በእጇ ይዛ ቀረች። አንዷ እልል ልትል ስትጀምር፣ «ዝም! እልልታ የለም! መንገድ!» አልሁ። አባ ደረሰ መስቀላቸውን እንደ ዱላ አንሥተው ሰዉን ይነዱት ጀመር። መኪናው ሲያልፍ በሁለት ወገን ተሰልፈው፣ አንድ በአንድ ነጠላቸውን ሲገለብጡ አየሁ፤ ጥለቱን ወደ ታች፣ ወደ ደህናው ቀን።

ጎንደር አደረስናት። ልጁን አላተረፉትም፤ ቀድሞ ሞቷል አሉን። ወንድ ነበር። ማናዬን ግን አተረፉልኝ። ከአልጋ እስክትነሣ ብዙ ሰነበተች፤ ከዚያ በኋላ የወለደቻቸው ዛሬ ጎረምሶች ናቸው፤ ያን የመጀመሪያውን ግን በየዓመቱ ትቆጥረዋለች፣ ይኼኔ ይህን ያክል ነበር እያለች። እኔም በልቤ እቆጥረዋለሁ። ያች ጠዋት ባትባክን ይኖር ነበር ወይ እላለሁ። እግዜር ብቻ ያውቃል። ሐኪሙን ልጠይቀው ፈልጌ አፌ እምቢ አለኝ።

ማናዬ ወደ ቁሐር ስትመጣ ሰው ሁሉ ሊጠይቃት ገባ። ደብሬ ደጃፍ ላይ ተሸማቃ ቆመች።

«ግቢ እንጂ ደብሬ» አለቻት ማናዬ። «ግጥምሽን ሰምቻለሁ። አበባ ስትይኝ ደስ ብሎኝ ነበር፤ አፈር ልትገባ ያልሽው ላይ ነው የተናደድሁ። የአንለይን እጅ የያዝሁትም ለሱ ነው።»

ሰዉ ሳቀ። ሳቁ ግን ወዲያው ለቅሶ ሆነ፤ ለልጁ ያልተለቀሰው ለቅሶ ያን ጊዜ ወጣ።

አማን ብስክሌቷን አበጅቶ እንደገና ይዞር ጀመር። ግን በኛ መንደር ችግር ገጠመው። ያች ብስክሌት ሽው ብላ ስትመጣ ያየች ሴት ሁሉ ደረቷን ትይዛለች፤ የያዘችው ይወድቃል። አንዲት ነፍሰ ጡር ሮጣ ገደል ልትገባ ነበር። አማንም ይህን አይቶ፣ ገና ከሩቁ፣ ከኑጉ ማዶ ሳለ ይጣራል፦

«መርፌ! ክር! ስኳር! ሁሉም ደህና ነው! ሁሉም ደህና!»

የወረታ ነጋዴዎች ይስቁበታል አሉ። እኔ ግን ያን ድምፅ እስክሰማ ድረስ፣ ማለዳ ማለዳ፣ ሥራ አልጀምርም። ደጄ ላይ ቆሜ መንገዱን አያለሁ።